ገመናን መሸፈን፦ በአረጋውያን መጦሪያ የክብርና የግል ሕይወት ጥበቃ

(ለማኅበራዊ ሥራና ለነርሲንግ ተማሪዎችና መምህራን ከቀረበ የአደባባይ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



የዛሬው ርዕሴ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሰዎች ክብርና የግል ሕይወት እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ስለ አረጋውያን ስንነጋገር ቀድሞ የሚነሣው የአልጋ፣ የምግብና የመድኃኒት ጉዳይ ነው፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ጧሪ ቀባሪ አጥተው በየጎዳናው የወደቁትን በማንሣት እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ለብዙዎች መጠለያ ሆነዋል። ይህን ሥራ የሚያሳንስ ቃል ከእኔ አትሰሙም። እኔ የማነሣው ከአልጋው በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፦ አልጋ ያገኘው ሰው በዚያ አልጋ ላይ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይኖራል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ክብር በደግነት ብቻ አይጠበቅም። ደግ ሰው ሳያስበው ገመና ሊገልጥ ይችላል፤ ከልቡ እያዘነ ያለ መጋረጃ ሊያጥብ፣ ከልቡ እየራራ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ደግነቱን የሚገራ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ይኸውም መጋረጃ፣ መዝጊያ፣ ቁልፍ፣ ፈቃድ የመጠየቅ ልማድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነዋሪው ምንም ሳይቀርበት “አይሆንም” ለማለት የሚችልበት ሁኔታ ነው።

ገመና የሚለው ቃል

“የግል ሕይወት መብት” የሚለው ሐረግ በሕግ መጻሕፍት የምናገኘው ስለሆነ አንዳንዶች ከውጭ የመጣ አሳብ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ከዚያ በፊት “ገመና” የሚል ቃል አለን። ገመና ባለቤቱ ለመረጠው ሰው ብቻ የሚገልጠው ነገር ነው። የገላ ገመና አለ፣ የቤት ገመና አለ፣ የሕመምና የድህነት ገመና አለ። ሰው ትልቅ ውለታ የዋለለትን ወዳጁን ሲያመሰግን “ገመናዬን ሸፈነልኝ” ይላል። ቃሉ ራሱ መርዳትን ከመሸፈን ጋር አስተሳስሮታል ማለት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ያለውን የኖኅን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኖኅ በድንኳኑ ዕርቃኑን ተኝቶ ሳለ ካም አየው፤ ወጥቶም ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ይዘው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ፊታቸውን መልሰው አባታቸውን አለበሱት። ይህን ታሪክ በሙያ ዓይን ብናነብበው ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች እናገኛለን። አንደኛው ማየት ነው፤ ሁለተኛው መናገር ነው። ዛሬ የገላ ገመናና የመረጃ ምስጢራዊነት እያልን የምንለያቸው ሁለቱ ጉዳዮች እነዚሁ ናቸው። የሴምና የያፌት አድራጎት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ያስተምረናል፦ የሚፈለገውን አገልግሎት ፈጽሞ፣ ሳያስፈልግ ግን አለማየት ይቻላል። ወደ ኋላ መራመድ አስቸጋሪ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ክብርን መጠበቅ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ድካም አለበት።

መጦሪያ ለምን የተለየ ስፍራ ሆነ?

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው “አሳይለምስ” በተባለው መጽሐፉ፣ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አስተዳደር፣ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ የሚተኙበትን፣ የሚሠሩበትንና የሚያርፉበትን ተቋም ባሕርይ መርምሯል። ወኅኒ ቤት፣ የጦር ካምፕ፣ ገዳም፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ ዓላማቸው የተራራቀ ቢሆንም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሰው ሲገባ ቀድሞ የሚያውቀውን ማንነቱን የሚያስጥል ሥነ ሥርዓት ይጠብቀዋል፤ ልብሱ ይወሰዳል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ ንብረቱ ይመዘገባል፣ በስሙ ፋንታ ቁጥር ወይም የአልጋ ስፍራ መጠሪያው ይሆናል።

በመጦሪያ ውስጥ ሌላ ችግር ይጨመራል። ያ ክፍል ለነዋሪው ቤቱ ነው፤ ለሠራተኛው ግን የሥራ ቦታው ነው። ሠራተኛዋ በቀን ሃያ ጊዜ ስትገባና ስትወጣ ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ነዋሪዋ ግን ሃያ ጊዜ ሳይንኳኳ የተከፈተ የቤቷን በር ታያለች። በሁለቱ አስተያየት መካከል ያለውን ርቀት የማታውቅ ሠራተኛ ክፋት ሳይኖርባት በየቀኑ ክብር ትጥሳለች።

ዕለታዊ ሥራው

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ዝርዝሩ ውስጥ ስንገባ ነው። ገላ ማጠብን እንውሰድ። ሰባ ዓመት ሙሉ ገላቸውን ብቻቸውን የታጠቡ ሴት ዛሬ በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ባለ እንግዳ ሰው እጅ ይታጠባሉ። የሙያው ደንብ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ይነገራል፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይጋረዳል። ልብሱ በአንድ ጊዜ አይወልቅም፤ የሚታጠበው የሰውነት ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ የቀረው በአንሶላ ወይም በፎጣ እንደተሸፈነ ይቆያል። የውሃውን ሙቀት ነዋሪዋ በእጃቸው ይሞክሩታል። እጃቸው የሚታዘዝላቸው ከሆነ ጨርቁ ይሰጣቸውና የኀፍረተ ሥጋቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ። የምታጥባቸው ሴት እንድትሆን ከፈለጉ ሴት ትመደባለች። ሁለት ሠራተኞች በአንድነት ሲያጥቡ በነዋሪዋ ራስ ላይ ስለ ደመወዝና ስለ ታክሲ አይጫወቱም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው መጋረጃውና ፎጣው ብቻ ነው።

ሁለተኛው አጠራር ነው። በእኛ ቋንቋ አክብሮት የሚቀመጠው በግሡ ላይ ነው። “በሉ” እና “በላ” በአንድ ፊደል ያህል ቢለያዩም በመካከላቸው የአንድ ሰው ዕድሜ በሙሉ አለ። አንድ አረጋዊ አእምሯቸው መድከም ሲጀምር አንቱታው ቀስ በቀስ እየቀረ ወደ አንተ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ፊታቸው ተቀምጠው ሳለ “ዛሬ በላ?” እየተባለ በላያቸው ይነጋገሩባቸዋል። “አባባ” እና “እማማ” የፍቅር ቃላት ናቸው፤ ግን አርባ ሰው ሁሉ “አባባ” ከተባለ መጠሪያ ያለው ሰው አይኖርም። ሰውየው መምሬ፣ ሻምበል፣ ሐጂ ወይም ጋሼ እየተባሉ የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። “ማን ብዬ ልጥራዎት?” የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ፤ መልሱም በመዝገባቸው ላይ ይጻፍ።

ሦስተኛው ንብረት ነው። ለውጭ ተመልካች ትንሽ የሚመስል ነገር ለነዋሪው የቀረው ዓለም ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ መቁጠሪያ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ለቀብር ተብሎ የተቀመጠ ነጠላና ጥቂት ብር። ልብስ በጅምላ ታጥቦ በጅምላ ሲታደል ነዋሪው የራሱን ሸሚዝ በጎረቤቱ ገላ ላይ ያያል። ስም የተጻፈበት የልብስ ከረጢትና ቁልፍ ያላት ትንሽ ሣጥን ይህን ችግር ያቃልላሉ።

አራተኛው መናገር ነው፤ የካም ሁለተኛ ጥፋት። ጎብኚ መጥቶ “ምን ሆነው ነው?”፣ “ልጆች የላቸውም?” ብሎ ሲጠይቅ ሠራተኛው በነዋሪው ፊት የሕመማቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ የውድቀታቸውን ታሪክ ይተርክለታል። ጠያቂው ያዘነ ሰው ነው፤ መላሹም ሊያስረዳ ፈልጎ ነው። ነገር ግን ታሪኩ የሁለቱም አይደለም። የኤች አይ ቪ ውጤት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ሽንት አለመቆጣጠር በተረኞች ርክክብ ላይ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ የሚነገር ጉዳይ መሆን የለበትም። ለንስሐ አባትና ለልጁ የሚነገረውም ቃል እንዲሁ ነው፤ ክርስቲያኑ የሚናዘዝበት፣ ሙስሊሙ ዉዱእ አድርጎ የሚሰግድበት፣ ማንም ሰው ለብቻው የሚያለቅስበት አንድ ጥግ ሊኖር ይገባል።

ካሜራውና ውለታው

አሁን በአገራችን ከሁሉ የከበደ ወደሚመስለኝ ነጥብ ደርሻለሁ። አብዛኞቹ መጦሪያዎቻችን የሚኖሩት በሕዝብ ልግስና ነው። ለጋሹ ልቡ እንዲነካ ማየት ይፈልጋል፤ ማዕከሉም ማሳየት ይገደዳል። ልደቱን፣ ሠርጉን፣ የዘመዱን ተዝካር በማዕከል ውስጥ ከአረጋውያን ጋር ለማሳለፍ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከምሳው ጋር ስልኩም ይመጣል። ጉርሻው ይቀረጻል፣ ዕንባው ይቀረጻል፤ በቆሻሻ ውስጥ የተነሣ “በፊት” የሚል ምስልና በንጹሕ ጋቢ የተነሣ “አሁን” የሚል ምስል ጎን ለጎን ይለጠፋሉ።

“ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል” የሚል መልስ እሰማለሁ። ይህ “እሺ” ምን ያህል ነጻ እንደሆነ እንመርምር። ራቱን ከእጅህ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄህን እንደ ጥያቄ አይሰማውም። ባህላችን ውለታ መላሽነትን አጥብቆ ያስተማረ ነው፤ ላበላው ሰው ፊቱን መንፈግ ለአረጋዊው ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ፈቃድ ትርጉም እንዲኖረው ቢያንስ አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል ብዬ አስባለሁ። ጥያቄው አስቀድሞ፣ ለጋሹ በሌለበት፣ ነዋሪው በሚያምነው ሰው ይቅረብ። ምስሉ የት እንደሚሄድ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፤ “ፎቶ ላንሣዎት” ማለትና “የማያውቁዎት መቶ ሺህ ሰዎች ያዩዎታል” ማለት አንድ አይደለም። እምቢ ቢሉ ምንም እንደማይቀርባቸው በቃል ብቻ ሳይሆን እምቢ ያሉት ላይ በታየው አያያዝ ይረጋገጥ። በመጨረሻም፣ አንዴ የተለቀቀ ምስል ተመልሶ እንደማይሰበሰብ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ጉዳቱ የሚታሰብ ብቻ አይደለም። ውድቀታቸውን ከልጆቻቸውና ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ደብቀው የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ክረምትና በጋ የተሸከሙት ብቸኛ ሀብታቸው ያ ዝምታ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን በተለቀቀ ቪዲዮ ያ ሀብት ሲወሰድ፣ መጠለያው ከሰጣቸው ነገር ላይ ትልቁን መልሶ ወሰደ ማለት ነው። አባቶቻችን “ከፍትፍቱ ፊቱ” ያሉት ለዚህ ነው።

ሕጋችንም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ውስንና የተለዩ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይገልጻል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል መድቦታል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች አንዱም “ለሚከፍል ሰው ብቻ” ወይም “ተመጽዋች ካልሆነ” አይልም።

ከሌላ አገር ልምድ

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልምድ ለእኛ በሁለት ምክንያት ይጠቅማል። አንደኛው፣ ጉዳዩ በሕግ በዝርዝር የተጻፈበት አገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ባሉ መጦሪያዎች ከሚሠሩት ረዳት ነርሶች መካከል ብዙ ወገኖቻችን መኖራቸው ነው። ሙያውን በእጃቸው የሚያውቁ የእኛው ልጆች ናቸው።

በመጦሪያዎች ስለሚታየው አያያዝ የቀረበው ትችት እየበዛ ሄዶ፣ የአገሪቱ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ጥናቱን አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ የመጦሪያዎች ማሻሻያ ሕግ ጸደቀ። ሕጉና ተከታይ ደንቦቹ ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበል መጦሪያ ሁሉ የነዋሪውን ክብር፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ የመቀበል መብት፣ በግል የመነጋገርና ጎብኚ የመቀበል መብት፣ በሕክምናና በዕለታዊ እንክብካቤ ጊዜ ከሰው ዓይን የመከለል መብት እንዲያከብር ያስገድዳሉ። ደንቡ እስከ መጋረጃው ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 31 ቀን 1992 በኋላ ፈቃድ ባገኙ መጦሪያዎች፣ የብቻ ክፍል ካልሆነ በስተቀር፣ እያንዳንዱ አልጋ ዙሪያውን የሚከልል ከጣሪያ የተንጠለጠለ መጋረጃ ሊኖረው ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2016 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚሠሩ መጦሪያዎች በአንድ ክፍል ከሁለት ሰው በላይ ማስተኛት አይፈቀድላቸውም።

ለተማሪዎቼ ይበልጥ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ረዳት ነርስ ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን ያዝዛል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ ሰዓት ሠልጣኙ ነዋሪን በእጁ ከመንካቱ በፊት የሚሰጥ ነው። በእነዚያ 16 ሰዓታት ከሚማራቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ የነዋሪው መብት ነው። ክብር ከሥራው በኋላ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን ከሥራው በፊት የሚታለፍ በር ተደርጎ ተቀምጧል።

ይህ ማለት በዚያ ችግሩ ተወግዷል ማለት አይደለም። ሠራተኞች የነዋሪዎችን ነውረኛ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ እየለጠፉ በመገኘታቸው የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 እንዲህ ያለው ድርጊት እንደ አእምሯዊ ጥቃት ሊቆጠር እንደሚችል ለመርማሪዎቹ መመሪያ ለማውጣት ተገድዷል። በሌላ በኩል ቤተሰቦች ጥቃትን ለመከላከል በወላጆቻቸው ክፍል ካሜራ መትከል ጀመሩ፤ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን የሚፈቅድና የሚገራ ሕግ አወጣች። ያው ካሜራ እንደ ጠባቂም እንደ ገመና ገላጭም ሊሆን እንደሚችል እዚህ ላይ ይታያል። የሕጉም መፍትሔ ማን ይፈቅዳል፣ አብሮ የሚተኛው ሰው ተጠይቋል ወይ፣ የተቀረጸውን ማን ያያል የሚሉትን ጥያቄዎች በቅድሚያ መመለስ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

“አልጋ ሳይበቃ ስለ መጋረጃ ማውራት ቅንጦት ነው” የሚለው ተቃውሞ ቀዳሚው ነው። ድህነቱ እውነት ነው። ነገር ግን እስካሁን ከዘረዘርኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ወጪ የላቸውም፤ ማንኳኳት፣ መንገር፣ መጠየቅ፣ በአንቱታ መጥራት፣ ዝም ማለት በነጻ የሚገኙ ናቸው። መጋረጃ መግዛት የማይችል ማዕከል አንሶላ በገመድ ሊዘረጋ ይችላል።

ሁለተኛው “የእኛ ሰው አብሮ መኖር ይወዳል፤ ብቻነት ለፈረንጅ ነው” የሚል ነው። አብሮ መኖር እንወዳለን። አብሮ ቡና መጠጣትና በሰው ፊት ዳይፐር መቀየር ግን በምንም መልኩ አንድ አይደሉም። አብሮነት ደስ የሚለው የሚገባበትም የሚወጣበትም በር ሲኖረው ነው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ፈቃድ መስጠት አይችሉም፣ ታዲያ ማንን እንጠይቅ? የእንግሊዙ የሥነ ልቡና ሊቅ ቶም ኪትውድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማስታወስ ያቆመ ሰው ሰው መሆኑን እንዳላቆመ፣ ሰውነቱም ሌሎች በሚሰጡት ስፍራ ላይ እንደሚመሠረት በሰፊው አብራርቷል። ቃል የጠፋበት ሰው ፊቱን ሲያዞር፣ እጁን ሲያሸሽ፣ ልብሱን አጥብቆ ሲይዝ እየመለሰ ነው። ያንን መልስ ማንበብ የሙያችን ክፍል ነው። እምቢታው ሕይወትን ለአደጋ የማያጋልጥ ከሆነ ትንሽ ቆይቶ መመለስ ይቻላል፤ ገላ ለመታጠብ ከሰዓት በኋላም ጊዜ አለ። ምስልን በተመለከተ ግን መልሴ አጭር ነው፦ መፍቀድ የማይችልን ሰው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አናነሣውም።

ምን እናድርግ?

ማዕከላት ለጋሾቻቸውን በሌላ መንገድ ሊያሳምኑ ይችላሉ። የታነጸውን ክፍል፣ የሚሠራውን ወጥ ቤት፣ የገቢና ወጪውን ሒሳብ በግልጽ ማሳየት ይቻላል። ሊናገሩ የሚወዱ አረጋውያን ካሉ ራሳቸው የመረጡትን ታሪክ ይናገሩ፤ ብዙዎቹ ከውድቀታቸው ይልቅ ያስተማሩትን ተማሪ፣ የገነቡትን ድልድይ፣ ያሳደጉትን ልጅ መተረክ ይመርጣሉ። ለጎብኚዎች በር ላይ አጭር ደንብ ይሰጥ፤ ስልኩም ምሳው እስኪያልቅ በኪስ ይቆይ። ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ራቱን ከሚያድለው ሰው የተለየ ይሁን።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ለመስክ ልምምድ ስትወጡ የምትጽፉት ዘገባ ራሱ ገመና እንዳለው አትርሱ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ማዕከል ውስጥ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሹፌር ብቻ ካለ፣ “የቀድሞ የባቡር ሹፌር” ብላችሁ ስትጽፉ ስሙን ጻፋችሁት ማለት ነው።

የምናጠባቸው፣ የምናበላቸው፣ የምናጠናቸው ሰዎች ስለ ውለታችን ብዙ ሊያመሰግኑን ይችላሉ። ምስጋናቸው ግን ሥራችን በትክክል ለመሠራቱ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው፣ ማመስገን የማይፈልግ፣ እምቢ የሚል፣ የሚነጫነጭ አረጋዊ በዚያው ማዕከል እኩል ተሸፍኖ፣ እኩል ተጠይቆ፣ በአንቱታ ተጠርቶ ማደሩ ነው።